ከሊኑክስ የተሰደደው ወዳጃችን

ወልድያ ውስጥ መብራት ሲመጣ ሰው ስልኩን ይሰካል፤ ወዳጃችን ግን ከርነል ኮምፓይል ያደርጋል። ሊኑክስን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሲጭኑት ክብሩ ወረደበትና ፍሪቢኤስዲ ወደሚባል ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተሰደደ። «ሊኑክስ ከየቦታው የተለቃቀመ ነው፤ የኔው ግን ከከርነል እስከ ትእዛዝ ባንድ ቤት የተሠራ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ ዘሩ ከበርክሌይ የሚቆጠር!» (ወሎ ላይ ዘር ቆጠራ ብዙም አያስከብርም፤ እሱ ግን ቀጠለ።)

ዋይፋዩን ላፕቶፑ አላውቀውም አለ፤ ስልኩን በገመድ አሰረለት። ዶከርም እምቢ አለ፤ ኮንቴይነሮቹ የሊኑክስ ከርነል ይፈልጋሉና። ስለዚህ ቢሃይቭ በሚያስነሳው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ኡቡንቱ ጫነ። እንጀራው የሚጋገረው እዚያ ነው፤ ፍሪቢኤስዲ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይጠብቃል።

ሐቁን እንናገርለት፦ ፋይል ሲስተሙ ዜድኤፍኤስ የቆየውን ሳይነካ አዲሱን ሌላ ቦታ ስለሚጽፍ፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ የዲስኩ መዝገብ አይዘበራረቅበትም። የፍሪቢኤስዲን መመሪያ መጽሐፍም ዲስኩ ላይ ስላስቀመጠው ኔትዎርክ ሲቋረጥ ያነባል። ለማንበቢያ የሚሆን ጊዜ እኛ አገር ሞልቷል።

በቀደም መርሳ ያሉ አጎቱ «እስቲ ይቺን ላፕቶፕ እያት፣ ልጄ» ብለው ሰጡት። ሲመለስ ምን ጫንክላቸው አልነው።

«ዊንዶውስ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክራክ የተደረገውን።»