ኑዛዜ የማያስፈልገው ውርስ

አባቴ ሲያርፍ ቤቱን ለእናቴ፣ የእጅ ሰዓቱን ለታላቅ ወንድሜ፣ ኮሌስትሮሉን ደግሞ ለእኔ ትቶ ሄደ። የቤቱን የወራሽነት ማስረጃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ተመላለስን፣ ምስክር አቆምን፣ ፎቶ ኮፒ ስናስነሣ ከረምን። የእኔ ድርሻ ግን ክርክር አላስነሣም። ጋዜጣ ላይ ‹‹ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ›› ተብሎ አልወጣበትም፤ ገና በእናቴ ሆድ ሳለሁ ስሙ ወደ እኔ ዞሮ አልቋል። ‹‹እኔም ይገባኛል›› የሚል ወራሽ ቢመጣ በደስታ አካፍለው ነበር።

አባቴ ሃምሳ ሳይሞላው ነው በድንገት የሄደው። ወንድሙም እንዲሁ። ስለዚህ ገና በጎረምሳነቴ ከልቤ ጋር ተዋዋልን፤ እኔ አላስቸግርህም፣ አንተም አታስቸግረኝ። ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ሽሮሜዳን አልፌ ወደ እንጦጦ እሮጣለሁ። ቅቤን የማውቀው በሽታው ነው። ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ታስጾማለች፤ እኔ የቀረውንም ማንም ሳያዘኝ ጨምሬ እጾመዋለሁ። ፋሲካ ገብቶ ሰው ሁሉ ከዶሮ ወጥ ጋር ሲታረቅ እኔ ከምስር ወጥ አልነቃነቅም። ሰፈር ውስጥ ሊመነኩስ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ባለቤቴን ያጽናኗት ሴቶች አሉ።

ታላቅ ወንድሜ ሌላ ፍጥረት ነው። አረንጓዴ ነገር ከበላ ከቁርጥ ጋር የመጣ ቃሪያ ነው። ከሮጠም ታክሲ ሊያመልጠው ሲል ነው። አንድ ቀን ‹‹ና አብረን እንመርመር፤ ቢያንስ አንዳችን ጤነኛ መሆናችን ይታወቅ›› ብዬ ይዤው ሄድኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ አንዱን ወረቀት አገላብጦ አየና ‹‹ይሄ በጣም ጥሩ ነው፤ በዚሁ ይቀጥሉበት›› አለ። ወረቀቱን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። የወንድሜ ነበር። የእኔው መጥፎ ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚሉት፣ ከ190 በላይ ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ከክሊኒኩ ወጥቶ በቀጥታ ሥጋ ቤት ገባ። ‹‹የሐኪም ትእዛዝ ነው›› አለኝ።

ሐኪሙ ግን ትዕግሥተኛ ሰው ስለነበረ ነገሩን አፍታትቶ አስረዳኝ። ኮሌስትሮል ከገበታ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው። ትርፉን ከደም ውስጥ እየለቀመ የሚያስወግደው ደግሞ ጉበት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ለቀማ የሚያዝዘው ዘረመል ከአንድ ወላጁ ተበላሽቶ ይደርሰዋል፤ ከ250 ሰው አንድ ገደማ ነው እንዲህ ያለው። እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድሜን ዘለለው፣ እኔ ጋ ቆመ። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ አሜሪካውያን የዚህን አሠራር ምሥጢር ፈትተው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። እነሱ ሽልማቱን፣ እኔ ኮሌስትሮሉን።

ከዚያ ወዲያ የልብ ሕመም ሳይመጣ የልብ ጭንቀት ቀድሞ ገባ። ግራ እጄ ከደነዘዘ ልቤ ነው እላለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ለሁለት በተሠራ ወንበር ላይ ሦስት ሆነን መምጣታችን ትዝ አይለኝም። ደረቴን ካቃጠለኝ ልቤ ነው፤ የሽሮው በርበሬ ትዝ አይለኝም። ቡና ሲፈላ አቦሉን በሰላም እጠጣለሁ፣ በረካው ላይ ልቤ ድው ድው ሲል ለቅሶዬ ላይ ማን ማን እንደሚመጣ መቁጠር እጀምራለሁ። እህቴ ከአሜሪካ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ላከችልኝ። የምደግፈው የእንግሊዝ ቡድን በተጫወተ ቀን ሰዓቱ ‹‹ስፖርት እየሠሩ ነው?›› ብሎ ጠየቀኝ። ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር። የቡድኑን ስም አልጠራም፤ ደጋፊዎቹ በየልባቸው ያውቁታል።

ሐኪሙ በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኝ። ከወላጆቼ፣ ከወንድም ከእህቶቼም መካከል ወንድ ከሆነ ከ55፣ ሴት ከሆነች ከ65 ዓመት በፊት ልቡን የታመመ ሰው ካለ ቁም ነገር ነው አለኝ፤ ‹‹ከዚያም ወደ ላይ ያሉትን ጠይቅ።›› በቤታችን ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት የሚቆጠረው አክስቴ ዘንድ ነው። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንደፈታ፣ የማን በሬ ማሳ እንደገባ ሳይቀር ያውቃሉ። ሄድኩ።

‹‹እትዬ፣ አያቴ ምን ሆነው ነው የሞቱት?››

‹‹ምንም አልሆኑ። ደህና ውለው፣ ደህና አምሽተው፣ ሞቱ።››

‹‹ወንድማቸውስ?››

‹‹እሱን ሰው በልቶት ነው።››

‹‹አጎቴስ?››

‹‹ምች መትቶት።››

‹‹ቅድመ አያቴስ?››

‹‹እሳቸው እንኳ በድንበር ከጎረቤት ተጣልተው፣ ንዴቱ ነው የገደላቸው።››

ዕድሜያቸውን ስጠይቅ ‹‹ሁሉም ጎልማሶች ነበሩ፣ ምን ያደርጋል!›› ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። አራት ሰው፣ አራት ምክንያት፤ አወዳደቃቸው ሲጠየቅ ግን አራቱም ደረታቸውን ይዘው ነው። እኛ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሰባት ቤት ድረስ እንቆጥራለን፤ ምን እንደገደለው ግን አንድ ቤት እንኳ አንቆጥርም።

ወንድሜ በበኩሉ እኔን የሚያጽናናበት ታሪክ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ሩጫ በጻፈው መጽሐፍ ስንቱን አሜሪካዊ ያስሮጠው ጂም ፊክስ፣ በ1984 ራሱ በሩጫ ላይ ሳለ ልቡ ቆሞ በ52 ዓመቱ ሞቷል። ‹‹አየህ?›› አለኝ ጎድኑን እየጋጠ። ያልነገረኝን እኔ ፈልጌ አገኘሁት። የፊክስ አባት በሠላሳዎቹ ዕድሜው ልቡን ታሞ በ43 ዓመቱ አርፏል። ፊክስም ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ወፍራምና አጫሽ ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ ሰውየውን ዘሩ ስቦታል፣ አልክድም። ነገር ግን ከአባቱ 9 ዓመት በልጦ ኖሯል፤ የእኔ ግምት ልጓሙ ሥራውን ሠርቷል ነው።

ግምት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ55 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘ ጥናት ወጥቶ ነበር። በዘራቸው ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ሰዎች ካላጨሱ፣ ከተንቀሳቀሱ፣ አመጋገባቸውንና ክብደታቸውን ከጠበቁ ስጋቱ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በግማሽ ነው እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። እንጦጦ የወጣሁት ለግማሹ ነበር ማለት ነው። ለቀረው ሐኪሙ ስታቲን የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ፤ በየማታው እውጠዋለሁ። የመድኃኒቱ መነሻ የተገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን ሲመረምር ነው። ይህን ለአክስቴ ማውራት አልነበረብኝም። ‹‹ጉድ! የኔን ቅቤ እምቢ ብሎ የጃፓንን ሻጋታ?›› አሉ።

ኪኒኑ ቁጥሬን አውርዶታል። ጭንቀቱ እንደ ቁጥሩ አልወረደም፤ ስለዚህ ሥራ ሰጠሁት። ልጆቼም ግማሽ በግማሽ ዕድል ስላላቸው አስመረመርኳቸው። የዘመዶቼን ስም፣ የሞቱበትን ዕድሜና አወዳደቃቸውን በደብተር እጽፋለሁ። አንድ ሰው የሚይዘው ሥራ ካለው ሌሊቱን ሙሉ የልቡን ትርታ ሲያዳምጥ አያድርም።

አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው በዓል ትልልቆቹ በተሰበሰቡበት፣ ዶሮው ከመውጣቱ በፊት፣ ‹‹ማን በስንት ዓመቱ፣ ምን ሆኖ ሞተ?›› ብለህ ጠይቅ። ‹‹ድንገት›› ካሉህ አትለፈው፤ ዕድሜውን ጻፍ። ‹‹ምች›› ካሉህም ደረቱን ይዞ እንደሆነ ጠይቅ። ያለ ዕድሜያቸው የወደቁ ካሉ የጻፍከውን ይዘህ ሐኪም ዘንድ ሂድና ኮሌስትሮልህን አስለካ። ብትሮጥም፣ ብትጾምም ሂድ። እንደ ወንድሜ ሥጋ ቤት የምትውል ብትሆንም ሂድ፤ የእሱ ዕድል ለሁሉ አይደርስምና።