ሃያ አምስት ዶላር እንዳያሳስታት

የሚኒያፖሊሱ ሴዳር ሪቨርሳይድ እንደ ሌላው ሰፈር ዝም ብሎ አይታመምም፤ የሚታመመው በፕሮጀክት ነው። አንዱ ስኳራችንን ይለካል፣ አንዱ እንቅልፋችንን ይቆጥራል፣ ሌላው ልጆቻችን ተከትበው እንደሆነ ይጠይቃል። ቦታው ራሱ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ራልፍ ራፕሰን የነደፋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈቱት ባለ ቀለም ማማዎች 1,300 ያህል አፓርታማ ይዘው ተሰብስበው ቆመዋል፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ አሳንሰር ይወጣል ይወርዳል። በአንድ ወገን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዌስት ባንክ ግቢ፣ በሌላው ኦግስበርግ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ደግሞ ትልቅ ሆስፒታል። ተመራማሪው ከቢሮው ወጥቶ አስፋልት ሲሻገር «ለመድረስ አስቸጋሪ የሆነ ማኅበረሰብ» ዘንድ ደረሰ ይባልለታል። ለዚህ አስቸጋሪ ጉዞ በጀት ይያዛል።

እኔ የእነዚህ በጀቶች አድናቂ ነኝ። የጥናቱ ዓላማ የተጻፈበትን ክፍል አላነበውም፤ እዚያ ላይ ሁሉም ጻድቅ ነው። «ከማኅበረሰቡ ጋር፣ በማኅበረሰቡ፣ ለማኅበረሰቡ» ይላል። ወደ ሰንጠረዡ ስትወርዱ ግን ያን ማኅበረሰብ በፋኖስ ፈልጉት። ከደመወዝ ዝቅ፣ ከመሣሪያ ዝቅ፣ ከጉዞ ዝቅ ብላችሁ «ሌሎች ቀጥተኛ ወጪዎች» የሚል ርዕስ ታገኛላችሁ። እዚያ አለን፤ ከማሳተሚያ ወጪ ጋር ትከሻ ለትከሻ።

ገንዘቡ ሲበዛ የሚመጣው ኤንአይኤች ከሚባሉት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ነው። ኤንአይኤች ለምሁር ያዝናል። በዓመት እስከ 250,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ ለሚጠይቅ ሰው፣ ዝርዝር ሰንጠረዥ ሳያቀርብ በ25,000 በ25,000 እየቆረሰ እንዲጠይቅ ለረጅም ዓመታት ፈቅዶለታል። ስለ ሠራተኞቹ ጥቂት አንቀጽ ማብራሪያ ጨመረ፣ አለቀ። በጥናቱ ለምትሳተፍ የሰፈራችን እናት በጊፍት ካርድ የምትሰጠው 25 ዶላር ግን እንዲህ በቀላሉ አትታለፍም። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን፣ የጊፍት ካርዱ መለያ ቁጥር፣ አንዳንዴም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠየቅባታል። ገንዘብ ሦስት ዜሮ ሲጎድለው ተጠርጣሪ ይሆናል።

«ለምን 50 አይሆንም?» የሚል የዋህ አይጠፋም። መልሱ ሥነ ምግባር ነው! በሰው ላይ የሚደረግን ምርምር የሚገዛው የፌዴራል ደንብ ተሳታፊ ተገዶ ወይም አላግባብ ተገፋፍቶ እንዳይገባ ይላል። ደንቡ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታስኬጊ ላይ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ጥቁር ወንዶች በጥናት ስም ቂጥኛቸው እየታየ ሳይታከሙ የቀሩበት ግፍ ነው የወለደው። እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን የደንቡ ሥራ የካርዱን ዋጋ ዝቅ ማድረግ ሆነ። እናትየዋ 50 ዶላር ካየች ህሊናዋ ይናወጣል፣ ማስተዋል ይሳናታል፣ ያላሰበችውን ትፈርማለች። የዋናው ተመራማሪ ህሊና ደግሞ ብረት ነው። ኤንአይኤች በ2025 ያስቀመጠው የደመወዝ ጣሪያ በዓመት 225,700 ዶላር ነበር፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ሰውየውን አላግባብ ወደ ምርምር ይገፋፋው ይሆን ብሎ የተሰበሰበ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አልሰማሁም። አዳማ ሆቴል ውስጥ አበሉን ሳይቆጥር ወርክሾፕ የማይገባውን የአገር ቤት ባለሙያ የእናቶቹን ካርድ የሚመዝነው ኮሚቴ ቢያይ ራሱን ይስት ነበር።

በበረዶው ወራት ከማማዎቹ በአንዱ ምድር ቤት የአንድ እንዲህ ያለ ጥናት ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛው ላይ መቅረጫ አለ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስምምነት ቅጽ አለ፣ በላስቲክ የታሰረ የካርድ እሽግ አለ። የሚበላ የለም። ምግብ በፌዴራል ገንዘብ መግዛት ኦዲተር ያስቆጣል ተብሏል። እናቶቹ ይህን አይሰሙም፤ እንግዳ ቤታቸው መጥቶ ባዶ አፉን አይሄድም። አንዷ ከነጠላዋ ሥር ፔርሙዟን አወጣች፣ አንዷ በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ ዘረጋች። የሩብ ሚሊዮን ዶላሩ ፕሮጀክት በእነሱ ሻይ ጉሮሮውን አረጠበ። ቅጹን ወደ ኦሮምኛና ወደ አማርኛ የመለሰችው ከእናቶቹ የአንዷ የእህት ልጅ ናት፤ ነገ ፈተና አለባት። «የባህል አማካሪ» ብለው አመሰገኗት። በጀቱ ውስጥ ምስጋና መስመር አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ የምለው ለሻይ ተቆርቁሬ አይደለም። በ2008 ልጆቻችን ላይ ኦቲዝም በዛ ብለው የጮኹት የሚኒያፖሊስ ሶማሌ ወላጆች ናቸው። ጥያቄውን ያነሱት ራሳቸው ነበሩ፤ ለጥያቄው ካርድም አልተሰጣቸው። የክልሉ ጤና መምሪያ በ2009 ሪፖርት አወጣ፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በዲሴምበር 2013 ደረሰ። ከ32 የሶማሌ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጮች አንዱ ኦቲዝም አለበት አለ። ለምን እንደሆነ ግን አልመለሰም። በዚህ መሐል አንድሩ ዌክፊልድ፣ ክትባትን ከኦቲዝም ያያያዘ ጽሑፉ በ2010 የተሰረዘበት ሰው፣ ሚኒያፖሊስ መጥቶ ከወላጆቹ ጋር ተቀመጠ። ወሬ የበጀት ማብራሪያ አይጻፍለትም፣ ለሰው ሰዓት አይሰስትም፣ ሻይም አይፈራም። በሚኒሶታ ሁለት ዓመት ከሞላቸው የሶማሌ ልጆች የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት በ2004 92 በመቶ ነበሩ፤ በ2014 42 በመቶ ሆኑ። በ2017 ኩፍኙ መጣ፤ 75 ሰው ያዘ፣ የሚበዙት የሶማሌ ልጆች።

ከዚያ በኋላ «እምነት» የሚለው ቃል ከጥናት ማመልከቻ ጠፍቶ አያውቅም። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበር የ2024 ጉባኤውን እዚሁ ሚኒያፖሊስ ሲያደርግ መሪ ቃሉ በሕዝብ ጤናና በሳይንስ ላይ እምነትን መልሶ መገንባት ነበር። ከማማዎቹ መስኮት መሀል ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጉባኤ መግቢያዋን የጥናት በጀት የከፈለላት የሴዳር እናት ካለች ደስታዬን ልግለጽላት፤ መቼም ለባለሙያው የጉዞና የሆቴል መስመር በየበጀቱ አይጠፋም።

ኦቨርሄድን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ይህ ለመብራት፣ ለማሞቂያ፣ ለሕንፃ፣ ለሂሳብ ክፍል ተብሎ በቀጥተኛው ወጪ ላይ የሚጨመር ነው። ብዙ ተቋማት ከመንግሥት ጋር ተደራድረው ከ50 በመቶ በላይ ይጨምራሉ። የመደራደሪያ ጠበቃም ሂሳብ ሹምም የሌለው የሰፈር ድርጅት 10 በመቶ ይበቃሃል ሲባል ኖሮ፣ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ 15 ሆነለት። የሰፈር ድርጅት በሚኒሶታ ጃንዋሪ ማሞቂያ አይከፍትምና ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ኤንአይኤች ድንገት ተነስቶ ለሁሉም 15 በመቶ ብቻ አለ። ዋይታ ሆነ! በ15 በመቶ ላቦራቶሪ ይዘጋል፣ ተቋም ይፈርሳል ተባለ። እውነታቸውን ነው፤ ፍርድ ቤት ማገዱም ደግ አደረገ፤ ቅነሳው ምርምር ለማሻሻል የታሰበ አልነበረም። ብቻ ማንም አስፋልቱን ተሻግሮ «እናንተ በ10 በመቶ እንዴት ኖራችሁ?» ብሎ አለመጠየቁ ገረመኝ። ይህ ጥያቄ ለጥናት የሚበቃ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የአገር ቤቱን የበጎ አድራጎት አዋጅ 621 ያየ ሰው 70/30ን ያውቃል። ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ ያወጣ ድርጅት ጥፋተኛ ነበር፤ የአሠልጣኝ አበልና ትራንስፖርት ሳይቀር አስተዳደር ይባል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1113 ጣሪያውን 20 አደረገው። በእርግጥ ስሌቱ ይለያያል፤ የአገር ቤቱ ከጠቅላላው የሚወጣ ነው፣ ኦቨርሄዱ በላዩ ላይ የሚደመር። 50 በመቶ ሲደመር ከጠቅላላው ሲሶ ይሆናል። ሲሶን እናውቃታለን፦ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ። ነጋሹ ሕንፃው ይሁን፣ ቀዳሹ ፕሮፌሰሩ ይሁን። የአራሹን ግን ቁጠሩት። 60 እናቶች 25፣ 25 ዶላር ቢሰጣቸው 1,500 ነው፤ ከሩብ ሚሊዮኑ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የጥንቱ ባለ ርስት ይህን ቢሰማ በቅናት ያብድ ነበር።

ነቀፌታ ብቻ እንዳይሆን ለሚቀጥለው ማመልከቻ የበጀት ማብራሪያ አርቅቄያለሁ፤ የፈለገ ይገልብጠው።

«ዋና ተመራማሪ፦ ለአንድ ሰዓት ተኩል ስብሰባ አንድ የ25 ዶላር ጊፍት ካርድ፤ ሲቀበል ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ውሳኔውን እንዳያዛባበት ከዚህ በላይ አይሰጠውም። የሰፈር አማካሪ እናቶች፦ በወር ተሰልቶ ደመወዝ፣ ከጤና መድኅን ጋር። ጉዞ፦ ለእናቶቹ፣ ወደ ጉባኤ። ትርጉም፦ እናቶቹ በሶማልኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይናገራሉ፤ ተመራማሪው የሚያስተረጉምለት የእህት ልጅ ይፈልግ። ሻይ፦ ተመራማሪው በፔርሙዝ ከቤቱ ያመጣል፤ ሄል አይርሳ።»