የጽዳት ዘመቻ በቴስት ማግስት

ንጽሕናቸው የሚያስቀና ፕሮግራመሮች አሉን። አውቶማቲክ ቴስቱ እንዳበቃ፣ አለፈም ወደቀም፣ ቢልዱ የፈጠረውን ፋይል ሁሉ ጠራርገው ያጠፋሉ። በሜቨን የሚገነባ የጃቫ ፕሮግራም ከሆነ፣ ቴስቱ የት ላይ እንደወደቀ የሚናገረው ሪፖርት የሚቀመጠው እዚያው «ታርጌት» የተባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ፎልደሩ ሲጠፋ ምስክሩም አብሮ ይቀበራል። እንዴት ያለ ሰላም ነው! በሱዳኑ ገዳሪፍ ገበያ ከናሙናው አፈር የተገኘበት የሰሊጥ ነጋዴ ጆንያውን አራግፎ «የቱ አፈር?» ቢል ገዢው በቀላሉ አይለቀውም። ኮምፒውተር ግን ጨዋ ነው፤ አይከራከርም።

ከነዚህ የሚብሱት ደግሞ ከቴስት በፊት ያለ የሌለውን የሚያጠፉት ናቸው። ቢልዱ የወለደውን ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ከኢንተርኔት የወረዱትን ላይብረሪዎች ጭምር ደምስሰው እንደገና ያወርዳሉ። ይህን ልማድ ያመጣው ኔትወርክ እንደ አየር የትም የሚገኝ የሚመስለው ሰው መሆን አለበት። እስቲ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር፣ በመተማና በገላባት መስመር ይሞክረው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ ከድንበሩ ማዶም በጦርነቱ ሳቢያ በጥር 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ኔትወርክ ጠፋ። በዚያ ሰሞን ላይብረሪዎቹን የደመሰሰ ሰው እጅግ ንጹሕ ኮምፒውተር ነበረው፤ ያጣው የሚሠራ ፕሮግራም ብቻ ነው።

«ያረጀ ፋይል ቴስቱን ያታልላል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከኮዱ የተሰረዘ ክፍል ርዝራዥ ከቀድሞው ቢልድ ተርፎ መውደቅ የሚገባውን ቴስት ሊያሳልፍ ይችላል። ለተጠቃሚ የሚላከው ሥሪት ከባዶ ተነሥቶ መገንባት ያለበትም ለዚህ ነው። በየሰዓቱ ካልታጠበ የማይታመን ቢልድ ግን በሽታው ያለው የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት በሚወስነው ደንብ ውስጥ ነው፤ ማጽዳት በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ «ሜክ» የተባለውን የቢልድ መሣሪያ የሠራው የተለወጠው ብቻ ዳግም እንዲገነባ ነበር፤ የጎግል የቢልድ መሣሪያ «ባዝል»ም የማጽጃ ትዕዛዙ በዋናነት የዲስክ ቦታ ለማስለቀቅ እንደሆነ መመሪያው ላይ ጽፏል። የእኛ ንጹሓን ግን መመሪያ ከማንበብ መጥረግ ይቀናቸዋል። ዲስክ ሞላ ካሉም ያልወደቀውን ቴስት ትራፊ ማጥፋት ማን ከለከላቸው?

እንግዲህ መጥረጊያው ከእጃችሁ አልወርድ ካለ፣ ከቴስቱ በፊት ጥረጉ፤ ያውም ቢልዱ የፈጠረውን ብቻ። የወደቀውን ቴስት ሪፖርት ግን መጀመሪያ አንብቡት።