«ጎበዝ ሴት» ለመባል

ደብረ ታቦር ላይ ደመወዝተኛ ሆነሽ ልጅ የምታሳድጊ ከሆነ ከሊጡ ጀምሪ። ከተማችን ብርዳም ስለሆነች ሊጥ ቶሎ አይቦካም፤ ስለዚህ ቡሃቃውን እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልይው። ማታ ከሥራ ስትገቢ አብሲት ጣይ፣ ሌሊት ተነሥተሽ ኩፍ ማለቱን እዪ። መብራት ካለ እሰዬው፤ ከሌለ ማገዶ አንድጂ። ጭሱ ልብስሽ ላይ ካደረ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ መስኮት የሚከፍትልሽ ሰው አይጠፋም። የሚሸጥ እንጀራ አለ ይላሉ፤ አትስሚ። አማትሽ «እኛማ በእጃችን ፈጭተን ነው ስምንት ያሳደግን» ሲሉ አንገትሽን የምትደፊበት ምክንያት አታብጂ።

ስትወልጂ፣ በግል ድርጅት ተቀጥረሽ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጥሻል። ለአባትዬው 3 ቀን። አነሰ አትበይ፤ አንዱ ለገንፎው፣ አንዱ እንኳን ደስ ያለህ ለሚሉት፣ አንዱ ለድካሙ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ ሌሊት ቢያለቅስ አታስነሺው፤ ነገ ሥራ ገቢ ነው። አንቺም ሥራ ገቢ ከሆንሽ በኋላ ይኸው ደንብ ይቀጥላል።

ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ልጁ የሚርበው በምሳ ሰዓት ብቻ እንዲሆን አስለምጂው። ስድስት ተኩል ሲል በባጃጅ ብረሪ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ አጥቢ፣ የቀረችውን ደቂቃ ጎርሰሽባት ተመለሺ። ሸሚዝሽ ርሶ ከሆነ ነጠላ ደርቢበት። ማጥቢያ ክፍል ይዘጋጅልኝ ብለሽ አለቃሽን አታስቸግሪ፤ ባዶው ክፍል አሮጌ ወንበር ይቀመጥበታል።

ልጅ የምትይዝልሽን ከፋርጣ ገጠር አስመጪ። ራሷም ልጅ ብትሆን ይመረጣል፤ ደመወዟን ለመጠየቅ ታፍራለች። ለእናቷ «የማታ ትምህርት አስገባታለሁ» ብለሽ ቃል ግቢ፣ ከዚያ ዛሬ ስብሰባ አመሸሁ፣ ነገ ለቅሶ አለብኝ፣ ከነገ ወዲያ ማኅበር ነው እያልሽ አስቀሪያት። አንቺ መድረክ ላይ ስለ ሴቶች እኩልነት ስትናገሪ ልጅሽን አዝላ የምታባብለው እሷ ናት። (ይህቺን ምክር አብዛኞቻችን ማንም ሳይመክረን እናውቃታለን።)

ባልሽ አንድ ቀን ድንች ከላጠ፣ ልጣጩ ከድንቹ ቢወፍርም፣ ለሠፈሩ ሁሉ አውሪለት። «በጣም ነው የሚያግዘኝ!» በይ። ለቡሄ ደግሞ ሙልሙሉን ከዳቦ ቤት እንዳትገዢ፤ በደብረ ታቦር በዓል፣ በደብረ ታቦር ከተማ፣ የተገዛ ሙልሙል የምትሰጥ እናት ምን ትባላለች?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ወደ ወረታ ስትወርጂ ነው። ከዓለም በር ካለፍሽ በኋላ ዓይንሽን ጨፍኚ። እዚያ ፎገራ ውስጥ አውራ አምባ የሚባል ማኅበረሰብ አለ። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ እዚሁ ደቡብ ጎንደር ያደጉ የገበሬ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው እናትና አባታቸው እኩል እርሻ ላይ ውለው ይገቡና አባት ዐረፍ ይላሉ፤ እናት ግን ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ የአባትን እግር ያጥባሉ። ልጁ «ለምን?» አለ። ዘመድ አዝማዱ ልጁ አእምሮውን ታመመ ብሎ ደመደመ። የታመመው ልጅ አድጎ በ1964 ዓ.ም. መሰሎቹን ሰብስቦ መንደር መሠረተ። ወንዱ ጥጥ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴቷ በሬ ጠምዳ ታርሳለች፤ ሥራ የሚከፋፈለው በችሎታ ነው። ይኸውልሽ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው፤ ሰማይ አልተደፋባቸውም።

እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ለተመለሰ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ሊጥ ማየት ይከብዳል። እናም ጎንሽ የተቀመጠው መንገደኛ «ያውልሽ፣ የእነ ዙምራ አገር» ብሎ በጣቱ ሊያሳይሽ ከጀመረ፣ የፎገራ ሽንኩርት ስንት እንደገባ ጠይቂው።