ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ለከተማችን የመጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽ/ቤት
ባላችሁበት

ጽ/ቤታችሁ ባልተመደበበት የሥራ ዘርፍ፣ ማለትም በወባ ትንኝ እርባታ፣ ላሳየው ትጋት የሰፈራችን ነዋሪዎች ምስጋና ይድረሳችሁ።

ድሮ ወባ የቆላ በሽታ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከረግረግና ከወንዝ ዳር ይነሳል፤ የከተማ ሰው ቆላ ካልወረደ ብዙም አይነካውም። ይህ አድልዎ የተቀረፈው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ እንግዳ ትንኝ ስትመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሀር ላይ ተገኘች። ረግረግ አትመርጥም፤ ሮቶ፣ በርሜል፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቅ ወራት ወባ ሲቀሰቀስ ተመራማሪዎች ያገኙት የእሷን እጅ ነው።

የእናንተ ውለታ እዚህ ላይ ይመጣል። ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ አስር ቀን ገደማ ያስፈልጋታል። የእኛ የውሃ ፈረቃ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ትርፏን አምስት ቀን ምን ብላችሁ እንደጨመራችሁላት አልገባንም፤ የወሊድ ፈቃድ ይሆናል ብለን አልፈነዋል።

ጎረቤታችን እማማ ውሃ ሲቀዱ መጀመሪያ የበርሜሉን ጎን በጣሳ ይመቱታል። እጮቹ ደንግጠው እየተገለባበጡ ወደ ታች ሲወርዱ፣ እሳቸው ከላይ ከላዩ ቶሎ ጨልፈው በነጠላ ጫፍ ያጠሉታል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ «ያቆረ ውሃ አፍስሱ፣ በርሜሉን በየሳምንቱ አጥባችሁ ክደኑ» አለች። ልጅቷ ልክ ናት። እማማ ግን «ደፍቼው ምን ልጠጣ ልጄ?» አሏት። ስልጠናው ላይ ይህ ጥያቄ አልመጣም መሰለን፤ ቅጿን ሞልታ ሄደች።

ቅጹስ ይሠራል። በዚህ አገር መቁጠር አልቸገረንም፤ ሪፖርቱ በየሳምንቱ ከጤና ኬላ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ላይ ይወጣል። በ2023 4.1 ሚሊዮን ሕሙማን ቆጠርን። በ2024 አስር ወር እንኳ ሳይሞላ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ፣ ከ1,157 ሟቾች ጋር። እርግጥ ክብሩን ሁሉ ለእናንተ ብንሰጥ እናዳላለን፤ ጦርነቱ፣ የተዘጉ ጤና ጣቢያዎች፣ ኬሚካል የለመዱ ትንኞች የየድርሻቸውን አዋጥተዋል፤ አብዛኛው በሽተኛም የገጠር ሰው ነው። ግን ገጠሬው ቢያንስ ረግረጉን የፈጠረበት ዝናብ ነው። እኛ ትንኝ የምናረባው በክፍያ ነው።

ስለዚህ ወይ ውሃውን በየሳምንቱ ልቀቁልን፣ ወይ የወር ሒሳባችን ላይ «የእርባታ አገልግሎት» የሚል መስመር ጨምሩና የከፈልንበትን እንወቅ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለከተማው ጤና ጽ/ቤት (ከእናንተ ቢሮ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ አስፋልቱን ተሻግራችሁ ብታደርሱልን)