ባሕታውያነ ሞተር

ሁሉ ሞልቶለት አንድ ነገር የጎደለበት ሰው ያሳዝነኛል። አንድ የጀርመን መሐንዲስ አስቡልኝ። ቤቱ ከወለሉ ሥር በሚዞር የሞቀ ውሃ ይሞቃል። መኪናው ከነወንበሩ ይሞቃል። ደመወዙ ቀኑን አይስትም፤ ጥርሱን እንኳ የሚነቅሉለት ሳያሳምሙ ነው። ምስኪን! ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በወጉ ሳይንቀጠቀጥ አለፈ። አያቱ ጦርነትና ረኀብ አይተዋል፤ አባቱ በልጅነታቸው ከፍርስራሽ መካከል ጡብ ለቅመዋል። እሱ ለልጅ ልጆቹ ምን ሊያወራ ነው? የወለሉ ማሞቂያ አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ተበላሽቶ እንደነበር? መከራ በራሱ ጊዜ አልመጣ ካለ ሄዶ መግዛት ነው እንጂ ሌላ ምን መላ አለው! ደግነቱ ሸቀጡ ከገበያ አልጠፋም፦ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል፣ አንድ ረጅም መንገድ፣ በላዩ ላይ የጥር ዝናብ።

ጥር ስል የእኛን፣ ሰርግ የሚደገስበትን ጥር አይደለም። የባቫርያን ጥር ነው፤ ፀሐይ ወጣች ሳትባል በአሥራ አንድ ሰዓት የምትጠልቅበትን፣ ከሰማይ የሚወርደው ነገር ዝናብ ይሁን በረዶ ራሱ ገና ያልወሰነበትን።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን የፈጠሩት አባቶች ግን ብዙም አርቀው አላሰቡም። ቆቡን ቀዶ፣ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በዝናብ ነድቶ፣ በረዶ ላይ ተቀምጦ የሚሰፋ፣ ሲመለስም ሰፍቻለሁ ብሎ ደረቱ ላይ ባጅ የሚለጥፍ መነኩሴ ይመጣል ብሎ ማን ገመተ?

ነገሩ ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን አገር ሞተር ሳይክል የድሃ መኪና ነበር። አባወራው መሪውን ይይዛል፤ ሚስት በጎን በተቀጠለችው ጋሪ ውስጥ ሕፃኑን ታቅፋ ትቀመጣለች፤ ዝናቡ ለሦስቱም እኩል ይዳረሳል። ያን ጊዜ ይህን ጀብዱ ብሎ የጠራው አልነበረም፤ ስሙ ችግር ነበር። በፈረንጆቹ 1955 አንድ ሚሊዮንኛዋ ቮልስዋገን ከፋብሪካ ወጣች። ያቺ ትንሽ መኪና ብዙ ነገር የላትም፤ ጣሪያ ግን አላት። ሰው ሁሉ ሞተሩን እየሸጠ ጣሪያው ሥር ገባ። ብልህ ሕዝብ!

በማግስቱ ዓመት፣ በ1956 የፈረንጆች ክረምት፣ ኤርንስት ሌቨርኩስ የሚባል የሞተር ጋዜጠኛ ጣሪያውን ያልፈለጉትን ጥቂት ሰዎች ሽቱትጋርት አጠገብ ወዳለው ሶሊቱድ ጠራቸው። የተጠሩት ጹንዳፕ ኬ ኤስ 601 የሚነዱ ናቸው፤ ወደ 600 ሲሲ የሚጠጋ፣ 28 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ «አረንጓዴው ዝሆን» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሞተር። ስብሰባውም በዚያው የዝሆኖች ጉባኤ ተባለ። የጹንዳፕ ፋብሪካ በ1984 ተዘግቷል፤ ጉባኤው ግን አልተዘጋም። ከ1989 ወዲህ ባቫርያ ደን ውስጥ፣ ቱርማንስባንግ የምትባል መንደር አጠገብ፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ ይካሄዳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ እየነዱ መጥተው በረዶ ላይ ድንኳን ይተክላሉ። ከሥራቸው የሚያነጥፉት ጭድ እዚያው በዩሮ ይሸጥላቸዋል። አዎ፣ ጭድ። ዌልስ ውስጥም በ1962 የተጀመረ ድራጎን ራሊ የሚባል የፌብሩዋሪ ጉባኤ አለ፤ የዌልስን ፌብሩዋሪ የሚያውቅ ሰው ስለሱ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቀኝም።

የዚህ ገዳም ዋና ቀኖና ሞተሩ አሮጌ ይሁን የሚል ነው። አዲስ ሞተር ጸጋ ያሳጣል። መያዣው ይሞቃል፤ ጎማው እንዳይንሸራተት ፍሬኑ ራሱ ያስባል፤ አንዲት ቁልፍ ሲጫኗት ይነሳል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ተቀምጦ መጽደቅ አይቻልም። አሮጌው ግን ተጋድሎውን ከግቢ ሳይወጡ ያስጀምራል። አባታችን ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ሰባት ዓመት መጸለያቸው በገድላቸው ተጽፏል። ይቅር ይበለኝና፣ የእኛም ባሕታዊ በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው ማስነሻውን ይረግጣል፣ ይረግጣል፣ ይረግጣል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ማስነሻው ተራውን መልሶ ይረግጠዋል። በዚህ ጊዜ ከአፉ የሚወጣ ነገር አለ፤ ጸሎት ስለማይመስለኝ አልጽፈውም።

ተነሳ እንበል። ቀጥሎ ካርቡሬተሩ አለ። ቤንዚን በአየር ውስጥ ሲተን ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። አየሩ እርጥብ ከሆነ፣ ቅዝቃዜውም ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያለ ከሆነ፣ እርጥበቱ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ወደ በረዶ ይለወጣል። ሞተሩ ያስላል፣ ይታነቃል፣ ከኋላው የጭነት መኪና እየጮኸበት ይቆማል። ነጂው ወርዶ ጥቂት ደቂቃ ዝናብ ሲመታው ይቆያል፤ የሞተሩ ግለት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ይነሳል፤ ትንሽ ሄዶ ይደግመዋል። የመኪና መሐንዲሶች ቤንዚን በመርፌ የሚረጭ መሣሪያ ሠርተው ይህን በሽታ ከገላገሉን ብዙ ዘመን ሆነ። ግን ባሕታዊውን ደፍሮ «ለምን አዲስ አትገዛም?» የሚለው ካለ እናቱን እንደሰደበበት ያኮርፋል። «ይሄ እኮ ነፍስ አለው!» ይላል። ነፍስማ አለው፤ እየወጣች እየገባች ተቸገረች እንጂ።

መብራቱስ? የሃምሳዎቹ ዘመን የእንግሊዝ ሞተር ዲናሞ በደህና ቀኑ 60 ዋት ያህል ቢሰጥ ነው። ግማሽ የሚሆነውን የፊት መብራቱ ይበላዋል፤ እሱም ቢሆን መንገዱን ከማሳየት ይልቅ መንገድ መኖሩን ይጠቁማል ማለት ይቀላል። ከጃኬት ሥር የሚለበስ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ አለ፤ ብቻውን ዲናሞው ከሚያመነጨው በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ምርጫው ለነጂው የተተወ ነው፤ ወይ መንገዱን ያያል ወይ ይሞቃል። የተጠመቀ ባሕታዊ ሁለቱንም ይተዋል። ፍሬኑም ቢሆን አይታማም፤ ሸራው ውሃ ከገባበት የሚይዘው ትንሽ ካሰበበት በኋላ ነው። ችኩል አይደለም።

ልብሳቸውን ደግሞ ልንገራችሁ። ውሃ የማያስገባ ተብሎ በመቶዎች ዩሮ የተሸጠ ልብስ ነው። ቃሉን ይጠብቃል፤ በአንገት የገባውን ውሃ በፍጹም አያስወጣም። ዝናቡ ሰርባቶዮውን እየታከከ ወርዶ ጭንና ጭን የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይጠራቀማል፤ እዚያ ኩሬ ይዞ አምስት ሰዓት የነዳ ሰው ስለ ትሕትና ብዙ ያውቃል። ደረት ላይ ጋዜጣ ይጎዘጎዛል፤ ይህ ከጥንት የተወረሰ ሥርዓት ነው፤ ጋዜጣ መታተሙ ሲቀር ምን እንደሚያደርጉ እንጃ። ካልሲው ላይ የፌስታል ከረጢት፣ ጓንቱ ላይ የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት ይደረባል። መሐንዲሱ ማለት ነው። ድልድይ የሚሠራው፣ በሦስት ቋንቋ ስብሰባ የሚመራው መሐንዲስ ሮዝ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቆ አውራ ጎዳናው ላይ ይታያል።

ሂሳቡን ያውቃል እኮ፤ ችግሩ ማወቅ አይደለም። ዜሮ ዲግሪ በሆነ ቀን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ገላው ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች ዐሥር ግድም ነው። መጀመሪያ ጣት ይደነዝዛል፤ ፍሪሲዮኑን ይያዝ አይያዝ የሚያውቀው በድምፁ ነው። ከዚያ ትከሻ ይደርቃል። ብርዱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ደግሞ ማስተዋልን ይወስዳል፤ ሐኪሞች እንደሚሉት የባሰው ነገር፣ ማስተዋሉ የተወሰደበት ሰው መወሰዱን አለማወቁ ነው። በዚህ በኩል ለወዳጆቻችን ብዙም አልሰጋም። ሲነሱ ይዘውት ካልወጡ መንገድ ላይ ምን ይወሰድባቸዋል?

በገድል ሁሉ እንደምናነበው፣ ባሕታዊው በጽኑ በተፈተነ ጊዜ መልአክ ይላክለታል። የነዚህም እንደዚያው ነው። ሞተሩ ደን መካከል ጨርሶ እንቢ ሲል፣ ስልኩን አውጥቶ አዳክ ለተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ይደውላል። ከ20 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት ማኅበር ነው፤ ለእርዳታ የሚልካቸውን መካኒኮችም ጀርመኖች ቢጫ መላእክት ይሏቸዋል፤ ከራሴ አልፈጠርኩትም። መልአኩ በቢጫ መኪና፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ የባትሪ ገመድ ይዞ ይገለጣል። በገድሉ ላይ ግን ይህ ምዕራፍ አይጻፍም። የሚጻፈው «በዚያ ሌሊት እኔና ሞተሬ ብቻ ነበርን» የሚለው ነው።

ማስረጃ የሚወዱም አሉ። አሜሪካ ውስጥ ስሙን ከነጂው መቀመጫ ጽናት የወሰደ፣ አይረን በት የሚባል ማኅበር አለ። በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር፣ ለነዳ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። መንዳቱ የሚረጋገጠው ነዳጅ በቀዳባቸው ጣቢያዎች ደረሰኝ ነው። እነዚያ የቀደሙ ቅዱሳን የከበዳቸው ለካ ደረሰኝ ስላልያዙ ኖሯል።

ወደ እኛም ብቅ ይላሉ። እንግሊዛዊው ቴድ ሳይመን በ1973 በ500 ሲሲ ትራያምፍ ከለንደን ተነስቶ ዓለምን በአራት ዓመት ሲዞር በኢትዮጵያ አልፏል፤ እሱን እተወዋለሁ፤ ብቻውን ነበርና ክብር ይገባዋል። በ2007 ደግሞ ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ጫፍ ተነስተው ኬፕታውን ሲወርዱ በዚሁ በእኛ አገር አልፈዋል፤ ከደጋፊ መኪኖችና ከፊልም ቡድን ጋር። ብቸኝነታቸው በሚገባ ተቀርጿል።

ነገሩን ሳስበው የመንዝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ትዝ ይለኛል። ሐምሌ ነው። ጣርማበር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፍ በጉም ተደፍኗል። ሰውየው ከመሥሪያ ቤቱ ጡረታ መውጣት የነበረበትን ያማሃ እያስነሳ፣ የክትባት ሣጥን ከኋላው አስሮ፣ በጓሳ በኩል ወደ መሃል ሜዳ ይነዳል። ካርቡሬተሩ አሮጌ ነው። ጃኬቱ ውሃ ያስገባል፤ አላስገባም ብሎ ማንንም አላታለለም። የሚያደርገው ሁሉ ቀኖናው እንደሚያዘው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ያበላሻል፤ የሚሄድበት ጉዳይ አለው። ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ ባጅ አይሰጠውም። አማራጭ መኪና ብትገኝ ዛሬውኑ ጥሎት እንደሚሄድም አይደብቅም፤ ነፍስ አለው ሲሉት ሰምቶ አያውቅም።

መሐንዲሳችን በዚህ መንገድ መጥቶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ደብረ ሲና ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት ደጃፍ ቢቆም የሚጠየቀውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ከላይ እስከ ታች ታየውና፦

«ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?»

በዚህ ቀን ሰው ከቤቱ የሚወጣው መርዶ ሲደርሰው ነውና። ማንም አለመሞቱን፣ ለመዝናናት እንደመጣ ቢያስረዳት፣ ብርጭቆውን እያቀበለች «እግዜር ይማርህ» ትለዋለች፤ ሒሳብም የምትቀበለው አይመስለኝም፤ ከበሽተኛ ምን ይቀበሏል?

እኔ ግን ከእሷ ይልቅ ነጋዴ ልብ አለኝ። ይህን ያህል ሰው ብርድ ፍለጋ ከተንከራተተ እኛ ምን ይዘን ነው የተቀመጥነው? የዘንድሮ ሐምሌ ይሸጥ። ከደብረ ብርሃን መሃል ሜዳ፣ በንጋት መነሻ። ጉሙ አለ፤ በረዶው አለ፤ ፓራፋንጎ ሥር ተጠቅጥቆ ጎማውን ቀጥ የሚያደርግ ዋልካ አለ፤ ባቫርያዎች ይህ የመጨረሻው የላቸውም። ስንት ዘመን በነጻ ስናባክነው ኖረን! ሞተር ከክልል ቢሮዎች ጓሮ ይሰበሰባል፤ ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። መንገድ መሪ የክትባቱ ባለሙያ ይሁን፤ ለሦስት ቀን የሚያገኘው የዩሮ አበል ከወር ደመወዙ ስለሚበልጥ እምቢ አይልም። ቢጫ መልአክ የለንም፤ ጭቃ ውስጥ ለቀረ እንግዳ ጥንድ በሬ ከነባለቤቱ እንልካለን፤ ክፍያው ለብቻው ነው። ባጁንም እናሠራለን።

ለመኝታቸው የሚሆን ጭድ ግን ከአገራቸው ጭነው ይምጡ። የእኛው ክረምቱ እስኪያልፍ የከብት ቀለብ ነው፤ አይሸጥም።