ገመድ የያዘን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

አሜሪካ ስንት ዘመን ኖረው ከሠርግ፣ ከክርስትናና በየዓመቱ ከሚደረገው የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር በቀር ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ረግጠው የማያውቁ ከሆነ፣ አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዎ «ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ለመርልፌስት የሙዚቃ ፌስቲቫል በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ፣ አብረን እንርዳ» ይልዎታል። እሺ ይበሉ። ባንጆን ከማንዶሊን መለየት ባይችሉም እሺ ይበሉ። ቦታው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ዊልክስቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት፤ ፌስቲቫሉ የሚደረገው እዚያ ባለ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ግቢ ሲሆን ገቢውም ለኮሌጁ ነው። ሐሙስ ተጀምሮ እሑድ ያልቃል። ከመድረክ ጀርባ ከተመደቡ ደግሞ ዕድለኛ ነዎትና የሚከተለውን ምክር በጥሞና ያንብቡ።

ከመድረክ ጀርባ ለመቆም የሚያስፈልገው እውቀት ሳይሆን ገመድ ነው። ባዶ እጁን የቆመን ሰው «ምን ልርዳህ?» ይሉታል፤ ይህም በትሕትና የተነገረ «ውጣ» ነው። ጥቁር የማይክ ገመድ በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ ለሚራመድ ሰው ግን ጥበቃውም ዘፋኙም መንገድ ይለቅቁለታል። ወዴት እንደሚሄዱ አለማወቅዎ እንዳይነቃብዎ ፈጠን ይበሉ።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ገመዱን ቤት እንደለመዱት በመዳፍና በክርን መካከል እያዞሩ እንዳይጠቀልሉ። በክርን የተጠቀለለ ገመድ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች እየተጠማዘዙ ይሰነብቱና ሌላ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ይበጠሳሉ። የድምፅ ባለሙያ ይህን ሲያይ ፊቱ የሚጠቁረው በከንቱ አይደለም። ትክክለኛው አጠቀላለል አንዱን ዙር እንደወትሮው፣ ቀጣዩን ደግሞ እጅን ወደ ውስጥ ገልበጥ አድርጎ መያዝ ነው። እንዲህ የተጠቀለለ ገመድ ጫፉን ይዘው ቢወረውሩት ሳይቋጠር መሬት ላይ ይዘረጋል። ይህችን የቻለ ሰው ሌላ ምንም ባይችል ይከበራል።

ቀጥሎ ታሪክ ያጥኑ። ፌስቲቫሉ የተሰየመው በመርል ዋትሰን ነው። አባቱ ዶክ ዋትሰን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዐይነ ስውር የነበረ፣ ጊታርን እንደ ፊድል አፍጥኖ በመጫወት ዝና ያተረፈ የዚያው አካባቢ ሰው ነው፤ ልጁ አብሮት ይጫወት፣ ከከተማ ከተማም ይዞት ይዞር ነበር። መርል እ.ኤ.አ. በ1985 ትራክተር ተገልብጦበት ሞተ። በ1988 ዶክና ወዳጆቹ በመርል ስም ለሚሠራ የአትክልት ቦታ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተጫወቱ፤ ቦታው ዐይነ ስውራን በማሽተትና በመዳሰስ እንዲደሰቱበት የታሰበ ነበር። የያኔው መድረክ ሁለት የጭነት መኪና ጀርባ ነበር። ይህን ታሪክ ነባር በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ይነግሩዎታልና በየጊዜው እንደ አዲስ ይደነቁ። «ያኔ መኪናው አጠገብ ነበርኩ» የሚሉዎትን ግን አይቁጠሩ፤ ዊልክስቦሮ አትበቃቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር እንምጣ። ተመልካቹ ሣሩ ላይ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ «እንዴት ደስ ይላል፣ ጋጋታ የለ፣ ማሽን የለ፣ በረንዳ ላይ እንደመጫወት ነው» ይላል። ጣልቃ አይግቡ። እርስዎ ግን ከኋላ ሆነው እንደሚያዩት፣ ይህን ቀላልነት ለማምጣት የሚፈሰው ላብ አይጣል ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ለድምፅ ባለሙያ ዕረፍት ነው፤ ሰክቶ መተው ነው። የእንጨት ጊታር ግን ሆዱ ባዶ ነው። ማይክ ሲደቀንበት ከዘፋኙ እግር ሥር ካለው፣ ሞኒተር ከሚባለው ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ ማይኩ እሱኑ ይለቅማል፤ ሞኒተሩ ያጎላዋል፤ ወዲያው በሚፈጠረው ጩኸት ሜዳው ሁሉ ጆሮውን ይይዛል። ኮንትራባስ ሲሆን ደግሞ ሆዱ ሰፊ ነውና ጩኸቱ ቀርቶ ምድር የሚያናውጥ ጉርምርምታ ይሆናል።

የጭንቀቱ ጫፍ አንዱ ባንድ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ያለው ጊዜ ነው። ወለሉን ዝቅ ብለው ይመልከቱ፦ በባለቀለም ፕላስተር የተሠሩ ትናንሽ መስቀሎች ያያሉ። አንዱ ቀለም የሚወርደው ባንድ፣ ሌላው የሚወጣው ባንድ ማይክ ማቆሚያ የሚተከልበት ነው፤ አይርገጡ፣ ከረገጡም ጫማዎ ሥር ተለጥፎ የሄደ መስቀል እንዳለ ይፈትሹ። የድምፅ ባለሙያው መቆጣጠሪያ፣ ሚክሰሩ፣ ግርጌ ላይ «ፊድል»፣ «ባንጆ» እየተባለ በማርከር የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር ባንዱ ሲቀየር ይላጥና አዲስ ይለጠፋል። መርልፌስት ላይ ይህን ትርምስ ሕዝቡ እንዳያይ ጥሩ ዘዴ ተበጅቷል። ከትልቁ የዋትሰን መድረክ አጠገብ የእንጨት ጎጆ የሚመስል ትንሽ መድረክ አለ። ትልቁ ሲተራመስ ትንሹ ላይ ጊታር የያዘ ሰው ይወጣል፤ ሕዝቡም ፊቱን ወደ ጎጆው አዙሮ ስለ ቀላል ሕይወት ያስባል። በዚያች ቅጽበት ከጎን የሚሮጠው ሰው ብዛት ቤት የሚቃጠል ያስመስላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «እኛ እንኳ አንድ ማይክ ይበቃናል» የሚለው ባንድ ነው። አምስት ሰው አንዲት ማይክ ዙሪያ ይቆማል፤ የሚዘፍነው ይጠጋል፣ ባንጆው ተራው ሲደርስ ዘፋኙ በጀርባው ይሸሻል፣ ፊድሉ ሲገባ የባርኔጣ ጫፍ ሁሉ ከቀስቱ መንገድ ዘወር ይላል። ያለ ግጭት የሚያልፉት ለዓመታት አብረው ስለተገፋፉ ነው። ሞኒተርም አይፈልጉም፤ ማይኳ ስሜቷ ስስ በመሆኑ ብዙ ድምፅ ከከበባት ታብዳለች። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ከጎን ቆመው እንዳያስሉ። እርስዎንም ትሰማዎታለች።

ስለ ጥንታዊነት በሚነሣ ወሬ አፍዎን ይቆጥቡ። በፌስቲቫሉ የሚሰማው ብሉግራስ የሚባለው ሙዚቃ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተወለደው ኧርል ስክረግስ ባንጆውን ይዞ የቢል መንሮን ባንድ ከተቀላቀለበት ከ1945 መጨረሻ ወዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ በ1932 ገበያ ላይ ውሎ ነበር። እንግዲህ «የአባቶቻችን» የሚባለው ታናሽ፣ «ዘመን አመጣሽ» የሚባለው ታላቅ መሆናቸው ነው። ይህን ከመድረክ ጀርባ ጮክ ብለው አይናገሩ፤ በዚህ ጉዳይ ሰው ተደባድቧል። በ1965 ሮድ አይላንድ ውስጥ በኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል ላይ፣ አላን ሎማክስ የፖል በተርፊልድን ባለኤሌክትሪክ የብሉዝ ባንድ ንቀት ባዘለ ንግግር አስተዋወቀ። የቦብ ዲላን ሥራ አስኪያጅ አልበርት ግሮስማን ተቆጣና ሁለቱ ደልደል ያሉ ጎልማሶች መሬት ላይ ተያያዙ። ልብ ይበሉ፣ ሎማክስ ከ1933 ጀምሮ ከአባቱ ጋር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እስር ቤቶች እየዞረ የእስረኞችን ዘፈን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የቀዳ ሰው ነው፤ መቅጃው የመኪናውን የዕቃ ማስቀመጫ የሚሞላ ከባድ ማሽን ነበር። ከእሱ በላይ ሽቦ የጎተተ ፎክ ወዳድ ይኖራል ብዬ አልገምትም።

በዚያው ፌስቲቫል እሑድ ማታ ቦብ ዲላን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ደግሞ የፎክ ዘፋኙ ፒት ሲገር ከጀርባ ሆኖ፣ መጥረቢያ ቢኖረው ገመዱን እንደሚቆርጠው ተናገረ። ኋላ ራሱ አምኗል፤ ያናደደው ግን ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ድምፁ ተበላሽቶ የዲላን ቃል አለመሰማቱ እንደነበር አስረድቷል። እርስዎ ገመድ ያዥ ነዎትና ታሪኩ በቀጥታ ይመለከትዎታል። ሽማግሌ ዘፋኝ መጥረቢያ ቢጠይቅዎ የለም ይበሉ።

ባንጆ አፍሪካዊ መሆኑን የሚያበሥርዎ ሰውም አይጠፋም። እውነቱን ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች በካሪቢያንና በአሜሪካ ከቅልና ከቆዳ የሠሩት መሣሪያ ነው፤ የነጭ ገበሬ መታወቂያ የሆነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የዚያው የሰሜን ካሮላይና ልጅ የሆነችው ሪያነን ጊደንስ ከአረጋዊው ጥቁር ፊድል ተጫዋች ከጆ ቶምፕሰን ተምራ ይህን ታሪክ ወደ መድረክ መልሳዋለች። ይሁን እንጂ በሴኔጋልና በጋምቢያ ስም እጅ ነሥቶ ምስጋና መቀበል ነውር ነው። ስለ ራስዎ አገር ከጠየቁዎት ስለ ማሲንቆ ይንገሯቸው። አንድ ክር ብቻ እንዳለው ሲሰማ፣ አምስቱን ክር ከጠዋት ጀምሮ እየቃኘ ያለው ባንጆ ተጫዋች በቅናት ዝም ይላል።

ምግቡ ሌላ ፈተና ነው። ኤፕሪል መጨረሻ አንዳንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ፣ አንዳንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ይውላል፤ ለዚያ አገር ማዕድ ግን ሁለቱም ለውጥ አያመጡም። በሰሜን ካሮላይና ግብዣ ማለት በፍም ላይ ቀስ ብሎ የበሰለ፣ ኮምጣጤ የጠጣ የአሳማ ሥጋ ነው። ጎመን አየሁ ብለው ሳሕን ይዘው አይሩጡ። የደቡብ ጎመን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ አጥንት ታቅፎ የበሰለ ነው። ባቄላውንም አይመኑት። የበቆሎ ዳቦው ወተትና እንቁላል አለበት። በቢራም እጽናናለሁ አይበሉ። ስለዚህ ቆሎ ይዘው ይሂዱ፣ ለሰውም ያካፍሉ፤ ሊዘፍን ሁለት ደቂቃ ለቀረው ሰው ግን እንዳይሰጡ። ጉሮሮ ላይ የቀረች የገብስ ገለባ በዚያች ማይክ ትሰማለች።

በመጨረሻም፣ በዚህ ዓይነት ፌስቲቫል የማይቀረው ነገር ማሳረጊያው ነው። ሁሉም ዘፋኝ፣ የዘፋኝ ሚስት፣ ገንዘብ የሰጠው ነጋዴና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ባለሐርሞኒካ አንድ ላይ ወጥተው የሚታወቅ ዘፈን ይዘፍናሉ። እርስዎም ይጋበዛሉ። አይውጡ፤ ከሚክሰሩ አጠገብ ይቁሙና የባለሙያውን ጣቶች ይመልከቱ። መድረኩን የሞላው ሰው ማይክ እየተሻማ ሲዘምር እሱ ሁለቱን ከፍቶ የቀሩትን አንድ በአንድ ይዘጋቸዋል። ከሜዳው የሚሰማው ኅብረ ዝማሬ የሁለት ሰው ነው። ሲወርዱ ነጋዴው ላቡን እየጠረገ ወደ እርስዎ ይመጣና «ድምፄ እንዴት ነበር?» ይልዎታል። «ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር» ይበሉና ማይኩን ይቀበሉት።